ያኺሞቭ፦ ብርም ዩራኒየምም የወጣባት ሸለቆ

ያኺሞቭን ከተማ ከማለት አንድ ረጅም መንገድ ማለት ይቀላል። መንገዱ ከታች ከመታጠቢያ ሆቴሎቹ ይነሳና ጠባቡን ሸለቆ ተከትሎ እየተጠማዘዘ፣ ማዘጋጃ ቤቱንና ትልቁን ቤተ ክርስቲያን እስኪያገኝ ድረስ ይወጣል። ግራና ቀኙ ቤት ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ወዲያውኑ ዳገትና ጥድ። ቦታዋ በቼክ ሪፐብሊክ ምዕራባዊ ጥግ፣ ከካርሎቪ ቫሪ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጀርመን ጋር በሚያዋስኑት የክሩሽኔ ሆሪ ተራሮች ውስጥ ነው። ዛሬ የሚኖርባት ሰው ሦስት ሺህ አይሞላም። ክረምት ላይ የሚመጣው መኪና ሁሉ ወደ ክሊኖቬትስ ተራራ የበረዶ ሸርተቴ የሚጣደፍ ስለሆነ አይቆምላትም።

በ1530ዎቹ ግን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ 18 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበር። በቦሄሚያ ግዛት፣ በዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከፕራግ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚኖርባት ከተማ ይህቺ ነበረች። ዳገቱን ቀና ብዬ እያየሁ፣ ያን ሁሉ ሰው የት አድርገውት ነበር እያልኩ ተገርሜአለሁ።

እኔን የሳበኝ ጠገራ ብር ነው። የአያቴ ድሪ ላይ፣ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ማርትሬዛ ተንጠልጥለው ነበር። ፊቷ የወፈረ፣ ፀጉሯ የተጠቀለለ ፈረንጅ ሴትዮ፣ ከጀርባዋ ባለ ሁለት ራስ ንስር። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ምስሏስ በወሎ ገበያ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ብር ብር ነው። ጀርመን መኖር ከጀመርኩ በኋላ ስለ አሮጌ ገንዘብ ሳነብ የብሩ የዘር ሐረግ ወደዚህች ሸለቆ ሲወጣ አየሁና፣ አንድ ቅዳሜ ተነስቼ መጣሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ1516 ነው። እስቴፋን ሽሊክ የሚባል የአካባቢው ባላባት፣ ጫካ ውስጥ የብር ማዕድን መገኘቱን ተከትሎ ኮንራድስግሩን በተባለች ጠፍ መንደር ላይ የቆፋሪዎች ሰፈር አቋቋመ። ከድንበሩ ወዲያ፣ በሳክሶኒ በኩል፣ በቅድስት ሐና የተሰየመች ሌላ የብር ከተማ አስቀድማ ነበረች፤ አናበርግ። ለአዲሲቱ ሰፈር የሐናን ባል የቅዱስ ኢያቄምን ስም ሰጧት፤ ሳንክት ዮአኪምስታል፣ የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ። ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ስም አይደለም፤ ኢያቄምና ሐና ሲባል የማያውቅ የለም። ያኺሞቭ የዚያው ስም የቼክ አጠራር ነው።

በ1520 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ንጉሥ ሉድቪግ ሰፈሩን ነፃ የማዕድን ከተማ አደረገው። የቦሄሚያ ሸንጎ ደግሞ ሽሊክ የራሱን ገንዘብ እንዲያትም ፈቀደለት። ሽሊክ ያሳተመው እንደ ድሮው ስስ ሳንቲም ሳይሆን ክብደቱ ወደ 29 ግራም የሚጠጋ፣ አንዱ ብቻውን የአንድ ወርቅ ጉልደን ዋጋ ያለው ድፍን ብር ነበር። በአንድ ፊቱ ቅዱስ ኢያቄም ከሽሊክ ጋሻ ጋር ቆሟል፤ በሌላው ጅራቱ ሁለት የሆነ የቦሄሚያ አንበሳና የንጉሡ ስም። ሕዝቡ ዮአኪምስታለር አለው፤ ሲያሳጥረው ታለር። ከዚያ ወዲህ በመላው ጀርመን ምድር የዚህ ዓይነት ትልቅ የብር ገንዘብ ሁሉ ታለር ተባለ፤ ዶላር የሚለውም ስም ከዚሁ ወጣ።

የእኛዋ ማርትሬዛ እዚህ አልታተመችም፤ ኦስትሪያን ይገዛ በነበረው በሃብስበርግ ቤት ሌሎች ማተሚያዎች ነው የተመታችው። ዘሯ ግን ከዚህ ነው። በምስሉ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ መታተሙን ቀጠለ፤ ቀይ ባሕር አካባቢ ያለው ነጋዴ ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም ስላለ። 28 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ንፁህ ብር። ነጋዴው በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ ቆጥሮ ዘጠኝ ካልሞሉ ይመልሳል። ቡናውም፣ በቅሎውም፣ ጠመንጃውም በዚች ብር ተሸጠ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሳ ከኦስትሪያ በ1935 የወሰደው ነገር ቢኖር የዚችኑ ብር ማተሚያ ቅርጽ ነው፤ ወታደሩ በወረቀት ሊራ እንቁላል እንኳ እንደማይገዛ ገብቶት መሆን አለበት። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛ ከገበያ ወጣች፣ ወደ አንገትና ወደ ሣጥን ገባች።

ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ያለው የንጉሡ ብር ማተሚያ፣ ከ1534 እስከ 1536 የተሠራ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። በመስታወት ውስጥ ያሉትን ታለሮች ጎንበስ ብዬ ሳይ ያስገረመኝ የምቱ መንጋደድ ነው። በመዶሻ የተመታ ስለሆነ የአንዱ ቅዱስ ኢያቄም ራስ ከጠርዙ ወጥቶ ግማሹ ጠፍቷል፤ የሌላው አንበሳ ጅራት ተደራርቦ ሦስት መስሏል። ጠባቂዋ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴትዮ፣ ለረጅም ጊዜ አንድ መስታወት ፊት መቆሜን አይተው ጠጋ አሉና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስልኬ ላይ ያለውን የድሪውን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «የልጅ ልጇ ነዋ!» አሉ።

ማተሚያው በሽሊኮች እጅ ብዙ አልቆየም። በ1525 ቆፋሪዎቹ አመፁ፤ በ1526 ንጉሥ ሉድቪግ በሞሃች ጦርነት ከቱርኮች ጋር ሲዋጋ ሞተ፣ እስቴፋን ሽሊክም እዚያው ቀረ፣ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ንጉሥ ፈርዲናንድ ማተሚያውን ጠቀለለው። የሽሊኮች ግንብ፣ ፍሮይደንስታይን የተባለው፣ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ፈርሶ ዛሬ የቀረው ግንቡ ሳይሆን ማማው ነው።

ከዚያ ዘመን ሰው ሁሉ እኔ የምወደው ሐኪሙን ነው። ጌኦርግ አግሪኮላ በ1527 የከተማው ሐኪም ሆኖ መጣ። በሽተኞቹ ቆፋሪዎች ስለነበሩ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማየት ጀመረ፤ ከዚያ መንኮራኩሩን፣ ፓምፑን፣ የአየር ማስገቢያውን፣ ማቅለጫውን አንድ በአንድ ጻፈ፣ አሣለ። ሥራው በ1556፣ እሱ በሞተ በዓመቱ ታተመና ለሁለት መቶ ዓመት ያህል የማዕድን ሰው መማሪያ ሆነ። በ1912 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አንድ የማዕድን መሐንዲስና ሚስቱ ናቸው፤ መሐንዲሱ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነው። አግሪኮላ ስለ ቆፋሪዎች ሳንባ ሲጽፍ፣ በካርፓቲያን ተራሮች ሰባት ባል አግብታ ሰባቱንም ይህ በሽታ የወሰደባት ሴት እንደምትገኝ ይናገራል። አቧራ ነው ብሎ ነበር ያመነው። አቧራውም አለበት፤ ዋናው ነገር ግን ማንም ሊያየው የማይችል ጋዝ ነበር፣ ራዶን። ይህ እስኪታወቅ አራት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ።

የቅዱስ ኢያቄም ቤተ ክርስቲያን ከ1534 እስከ 1540 ተሠራ። ለሉተራውያን ተብለው በቦሄሚያ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የሉተር ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ማቴሲዩስም የሰበከው በዚሁ ነው፤ ለቆፋሪዎች በቆፋሪ ቋንቋ። በ1873 በተነሳው እሳት ቤተ ክርስቲያኑም፣ ከሠዓሊው ክራናኽ ወርክሾፕ የመጣው መሠዊያም ተቃጠለ። የዛሬው ሕንፃ ከዚያ በኋላ የታደሰ ነው። እውነት ለመናገር ውስጡ ቀዝቃዛና ባዶ ሆኖብኝ ቶሎ ወጣሁ። የሆስፒታሉ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ከእሳቱ የተረፈችው፣ ይበልጥ ትገባለች ልብ ውስጥ።

ብሩ ቀስ በቀስ ሳሳ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብር ገበያውን አጥለቀለቀው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ካቶሊክ ሁኑ የተባሉት ሉተራውያን ቆፋሪዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ሳክሶኒ ተሻገሩ። የቀሩት እየቆፈሩ ሲወርዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይገጥማቸዋል። እሱ ከመጣ ብሩ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ እየረገሙ ከጉድጓዱ ያወጡትና ገደል ይደፉታል። ፒችብሌንድ ነው፤ በ1789 ማርቲን ክላፕሮት የተባለ የበርሊን ኬሚስት ዩራኒየምን ያገኘው ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። ያኔም ቢሆን ማን ከቁም ነገር ቆጠረው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተገኘለት ጥቅም ብርጭቆና ሸክላ ማቅለም ነው፤ ብጫ፣ አረንጓዴ፣ በጨለማ የሚያበራ የሚመስል። ከተማዋ የቀለም ፋብሪካ ተከፈተላት። ፋብሪካው ዩራኒየሙን ይወስድና የተረፈውን ቡናማ ዝቃጭ ከጥዶቹ ሥር ይደፋዋል። ደግሞ ሌላ ጉድፍ።

ግንበኞች የናቁት ድንጋይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ፓሪስ ውስጥ ማሪ ኪዩሪና ባሏ ፒየር፣ ፒችብሌንዱ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ብቻ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ጨረር እንደሚያወጣ ለኩ። በ1898 ከድንጋዩ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አሳወቁ፣ ፖሎኒየምና ራዲየም። ለማውጣት ግን ብዙ ቶን ያስፈልጋል፤ ፒችብሌንድ ደግሞ ውድ ነው። ዝቃጩስ? በቪየና የሳይንስ አካዳሚ አማካይነት የኦስትሪያ መንግሥት መጀመሪያ አንድ ቶን ያህል በነፃ ሰጣቸው። ጆንያዎቹ ፓሪስ ሲደርሱ ቡናማው አፈር የቦሄሚያ የጥድ ቅጠል ተቀላቅሎበት ነበር። ማሪ ያንንና ከኋላ የመጣውን ቶን በቶን ላይ በጎተራ መሰል ቤት ውስጥ፣ ከራሷ ቁመት በሚስተካከል ብረት ስታማስል ከርማ በ1902 ከግራም አንድ አሥረኛ ያህል ራዲየም ክሎራይድ አወጣች። በ1925 ራሷ ወደ ያኺሞቭ መጥታ ጉድጓዱን ጎብኝታለች።

ውኃውም እንደዚያው ጠላት ነበር። በ1864 በስቮርኖስት ጉድጓድ፣ 500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ምንጭ ፈነዳና ማዕድኑን አጥለቀለቀው። ፓምፕ አስገብተው ለዓመታት ታገሉት። የራዲየም ዜና ሲሰማ ውኃውን ለኩትና በራዶን የተሞላ ሆኖ ተገኘ። በ1906 አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ውስጥ ገንዳ ተዘጋጅቶ በሽተኞችን ማጥለቅ ተጀመረ። በ1912 ያ ግዙፍ ነጭ ሆቴል፣ ራዲየም ፓላስ፣ በሸለቆው አፍ ላይ ተከፈተ። ራዲየም የሚለው ቃል የውበትና የዕድሜ ቃል በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ከምንጮቹ አንዱ በቼኩ የፊዚክስ ሊቅ በፍራንቲሼክ ቤሆውኔክ ተሰይሟል። ሰውየው የማሪ ኪዩሪ ተማሪ ነበር፤ በ1928 ኢታሊያ የተባለችው አየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በረዶ ላይ ስትወድቅ ከተረፉት አንዱ ነው፤ በረዶ ላይ ሆኖ እንኳ የጨረር መለኪያውን አልተወም ይባልለታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ የከተማዋ ብሮሹሮች አጠር አድርገው ያልፉታል። እኔ አላሳጥረውም።

በ1938 አካባቢው ለሂትለር ተሰጠ። አንስታይን ነሐሴ 2 ቀን 1939 ፈርሞ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በላከው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ ጀርመን ከያዘቻቸው የቼኮዝሎቫኪያ ማዕድናት የሚወጣውን ዩራኒየም መሸጥ ማቆሟን ያነሳል። ያ ማዕድን ይህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ፣ የከተማዋ ነዋሪ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እንዲወጣ ተደረገ። በሩን ዘግቶ የሄደ ሰው ቤት ዛሬም በዋናው መንገድ ላይ አለ፤ የተጠረበ የድንጋይ በር፣ ከላዩ የመዶሻ ቅርጽ፣ ከበስተኋላው ጣሪያ የለም። አንዳንዶቹን አሁን እያደሷቸው ነው።

በኅዳር 1945 ፕራግና ሞስኮ በምስጢር ተፈራረሙ፤ ዩራኒየሙ ወደ ሶቪየት ኅብረት ይሄዳል። ቆፋሪ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ የጀርመን የጦር እስረኞች፣ ከ1949 እስከ 1961 ደግሞ የራሷ የቼኮዝሎቫኪያ የፖለቲካ እስረኞች። ቄሶች፣ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ ከናዚ ጋር የተዋጉ መኮንኖች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ። በ1947ና በ1949 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ብሔራዊ የአይስ ሆኪ ቡድንም ከዚህ አልዳነም። በ1950 ተጫዋቾቹ ታሰሩ፤ በረኛው ቦሁሚል ሞድሪ 15 ዓመት ተፈረደበትና ወደዚህ መጣ። ተፈትቶ በ1963 ሲሞት 46 ዓመቱ ነበር።

ከስቮርኖስት ጉድጓድ በላይ ካምፑ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። እስረኞቹ በሽቦ አጥር መሀል ቁልቁል ወደ ሥራ የሚወርዱበት ደረጃ ነበር፤ ከመካከላቸው የናዚን ካምፕ የቀመሱ ስለነበሩ ማውትሃውዘን አሉት። በሌላው ካምፕ የነበረውን ልማድ ደግሞ «የሩሲያ አውቶቡስ» ብለውታል። አምስት አምስት እየሆኑ ይሰለፋሉ፤ መላው ሰልፍ ዙሪያውን በብረት ገመድ ይጠፈራል፤ እንዲያ ተጣብቀው ወደ ብራትርስትቪ ጉድጓድ ይሄዳሉ፣ ከፈረቃ በኋላም እንዲያው ይመለሳሉ። አንዱ ቢያዳልጠው ሁሉም ይንገዳገዳል። በረዶ ባለበት ዳገት ላይ ይህን ማሰብ ነው።

ቁልቁል ወደ ኦስትሮቭ ሲወረድ፣ ቪክማኖቭ ላይ፣ ባለ ሰባት ፎቅ ቀይ የጡብ ማማ አለ። የተቆፈረው ማዕድን እዚያ ይፈጫል፣ ይለያል፣ በርሜል ውስጥ ታሽጎ በባቡር ይላካል። እስረኞቹ አቧራውን ያለ አንዳች መከላከያ ሲስቡ ይውሉ ነበር። ቀዩ የሞት ማማ ይሉታል። የቆፋሪዎች የሳንባ ካንሰር የያኺሞቭ በሽታ ተብሎ በ1930ዎቹ በሚገባ ይታወቅ ነበርና ማንም አላወቅንም ሊል አይችልም። በ2019 ዩኔስኮ በሁለቱም አገሮች ያለውን የክሩሽኔ ሆሪ ማዕድን አካባቢ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከ22ቱ ቦታዎች አምስቱ የቼክ ናቸው፤ ያኺሞቭም ማማውም ከአምስቱ ውስጥ አሉ። ጥሩ አድርገዋል። የታለሩን ከተማ ብቻ መዝግበው ማማውን ቢተዉት ኖሮ ግማሽ ታሪክ ይሆን ነበር።

የዩራኒየም ቁፋሮ በ1964 አበቃ። ስቮርኖስት ግን አልተዘጋም። ሰዎች ዛሬም በአሳንሰር ይወርዱበታል፤ ብርም ዩራኒየምም ፍለጋ አይደለም፣ ምንጮቹንና ቧንቧዎቹን ለመጠበቅ ነው። ለብ ያለው ውኃ በቧንቧ ወደ መታጠቢያዎቹ ይሄዳል፤ ቁርጥማትና የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም አዞለት ገንዳው ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። የእኛ ጠበል ቦታ ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ በየአግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ሕመሙ ብቻ ነው። ሌላው አውሮፓ ቤታችሁን ከራዶን አናፍሱ እያለ ሲያስጠነቅቅ፣ እዚህ ጨረሩ በሐኪም ማዘዣ ይሰጣል፤ የጤና መድኑም ይከፍላል። በትንሽ መጠን ይጠቅማል የሚሉና ጨረር ትንሽ የለውም የሚሉ ሐኪሞች ዛሬም አልተስማሙም። እኔ ገንዳው ውስጥ አልገባም፤ እዚህ ብዙ አንብቤ ነው የመጣሁት።

ራዲየም ፓላስ ፊት ለፊት ያገኘኋቸው ከሞራቪያ የመጡ ጡረተኛ ግን በየዓመቱ ይመላለሳሉ። «ጋሼ፣ አይፈሩም?» አልኳቸው በልቤ እንደማስበው፤ በጀርመንኛ ስጠይቃቸው እንዲያ አይወጣም። ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ደረጃ ያለ ከዘራ እንደሚወጡ ነገሩኝና ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ስለ ሆቴሉ ሾርባ ማማረር ጀመሩ፤ ጨው የለውም፣ ሥጋውም በጣም ቀጭን ነው፣ እንደገናም ሰዓት ደርሷልና ካልሄዱ ወንበራቸውን ሌላ ሰው ይይዝባቸዋል።